መንገደኛ የወጣበት ክፍል

ባለፈው ጥር አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጇን ስትድር ለሠርጉ ወደ ሀዋሳ ወርጄ ነበር። ልጄ ሜሮን አብራኝ መጣች። ያረፍንበት ሆቴል ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ሊፍት ያለው፣ በየአልጋው ላይ አራት አራት ትራስ የሚደረድር ዓይነት ነው፤ አራት ትራስ ለአንድ ራስ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም። ከሠርጉ ማግስት ጠዋት ሜሮን ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ስልኳን እያየች ሳቀች።

«እማ፣ ሰው መጨቃጨቂያ አጣ እኮ! ሆቴል ያደረ እንግዳ፣ የጽዳት ሠራተኛ ሳትመጣ ክፍሉን ማስተካከል አለበት ወይስ የለበትም እያሉ ሲሰዳደቡ ነው ያደሩት።»

አንዱ ከፍዬ የገባሁት ላርፍ ነው ይላል አለችኝ። አንዷ ደግሞ የሰው አስተዳደግ የሚታወቀው አልጋውን ጥሎ ሲወጣ ነው ብላ ጽፋለች። ሜሮን ከሁለተኛዋ ወገን ናት። ከአልጋዋ ወርዳ አንሶላዋን ወጠረች፣ ፎጣዎቹን አጣጠፈች፣ የውሃ ፕላስቲኮቹን ሰበሰበች። ከዚያ የእኔን አልጋ አየችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይሄን ሁሉ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሆቴል ስንገባ ግን ምን እንደሚነካሽ አላውቅም። ላንጥፍልሽ?»

«ተይው» አልኳት።

እውነቷን ነው። ቤቴ ውስጥ ማንኪያ ከቦታው ፈቀቅ ካለ የምነጫነጭ ሴት ነኝ። ከቤቴ ውጪ ያደርኩበትን አልጋ ግን አላነጥፍም። ልጄ ስንፍና ይመስላታል፣ አንዳንዴም ኩራት። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። ሐይቁን አይተሽ ነይ፣ እኔ ትንሽ ልረፍ ብዬ ሸኘኋትና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከታች መንገዱ ላይ ባጃጆች ይተረማመሳሉ። ከእነሱ ወዲያ ያው ሐይቅ፣ ያው ዋርካ። ያቺን አንድ ቀን ሳላስባት ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ካወጀ ብዙም አልቆየም። እኛ የምንኖረው ናዝሬት ነው፤ አባታችን ካረፈ ቆይቷል፣ እናቴ በእግር መኪና ልብስ እየሰፋች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ግርማን ታሳድጋለች። ግርማ ዕጣው ወጥቶ ሲወሰድ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወራት አለፉ። በጥቅምት አንድ የምናውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ የግርማ ጦር ሥልጠናውን ጨርሶ በአዋሳ በኩል ሊያልፍ ነው፣ ቤተሰብ ለመጣለት አንድ ሌሊት ይፈቀድለታል፣ ድረሱ ብሎን ሄደ። እማዬ ያን ዕለት የሰው ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለ ተነሣች። ዳቦ ቆሎ ጠበሰች፣ በሶ አዘጋጀች፣ ቋንጣ ሰቀለች። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ደጅ ስንጠና ቋንጣው ደረቀ።

አውቶብሱ ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ጠዋቱ ገና ይቀዘቅዝ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ መቅላት ጀምሯል። ዝዋይ ላይ ልጆች በገመድ የተሰካ አሳ ወደ መስኮቱ ይሰቅላሉ፤ ሻሸመኔ ላይ ድንችና ካሮት ከነአፈሩ በዘንቢል ይቀርባል። እማዬ ምንም አልገዛችም፣ ምንም አልቀመሰችም። ዘንቢሏን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ በየኬላው ሲያስወርዱን አቅፋው እየወረደች፣ አዋሳ ገባን።

ግርማ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ፀጉሩ ተላጭቷል። እማዬ ስማው ስታበቃ ክንዱን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ ለካችው። ሐይቁ ዳር ወስዶ አሳ ጋበዘን። ትኩስ የተጠበሰ አሳ በሚጥሚጣ ነው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ በፊትም በኋላም አልበላሁም ብል አላጋነንኩም። እነዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች፣ ራሳቸው መላጣ፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው አጥንት እስኪወረወርላቸው አጠገባችን ተሰልፈዋል።

«እማዬ እያቸው፣ የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር አይመስሉም?» አላት ግርማ።

«ዝም በል አንተ!» ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አልሰማም። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁበት የመጨረሻ ቀን እሱ ነው።

ያደርነው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ትንሽ ሆቴል ነበር። ክፍሎቹ ግቢውን ከበው በረድፍ የተሠሩ ናቸው፣ መሐል ላይ የፓፓያ ዛፍ አለ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ ሳፋ። እኔና እማዬ አንዱን አልጋ ያዝን። ማታ እማዬ የግርማ ሸሚዝ ቁልፍ መላላቱን አይታ አስወለቀችውና ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ እንደገና ሰፋቻቸው። ግርማ ስለ ጓደኞቹ እያወራልን፣ ወሬውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው።

ጠዋት ስነቃ እማዬ ክፍሉን አሰናድታ ጨርሳለች። ልጅ ሆና ሰው ቤት ነው ያደገችው፤ የሌላውን አልጋ ስታነጥፍ ስለኖረች የእሷን ሌላ ሰው ሲያነጥፍላት አትወድም። አንሶላውን አጥብቃ ወጥራ፣ ብርድ ልብሱን አራት አጥፋ፣ ትራሱን ደብድባ፣ ሳፋውን አጥባ ገልብጣዋለች። ግርማ ጫማውን እያሰረ ሳቀባት።

«እማዬ፣ ሆቴል እኮ ነው። አልጋ አንጣፊ አለች።»

«አልጋ አንጣፊዋ ሰው አይደለችም እንዴ?»

እኔም ልጨምርበት ፈለግኩ። ወለሉ ላይ ከግርማ ጫማ የረገፈ የሐይቅ ዳር አሸዋና የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ ነበር። መጥረጊያ ልለምን ወደ በሩ ስሄድ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ! መንገደኛ በሚወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም። እሱ ደርሶ አረፍ ሲል ይጠረጋል።»

ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ በሀገራችን ስንት ቤት መንገደኛ የወጣ ዕለት ሳይጠረግ እንደሚውል እግዜር ይቁጠረው። ከመንገደኛው ኋላ ከጠረግሽ ዱካውን ጠረግሽው፣ መመለሻውን አጠፋሽበት ይላሉ። እኔ ተማሪ ነበርኩና በሆዴ ሳቅኩ፣ ግን መጥረጊያውን ተውኩት።

ስንቁ ሁሉ ወደ ግርማ ቦርሳ ተገለበጠ። ባዶውን ዘንቢል እማዬ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው፣ ጋቢዋን ደረበች፣ ክፍሉ ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር አልቀረም። የመልስ አውቶብስ የሚነሣው በማግስቱ ስለነበር ሌላ አንድ ሌሊት ልናድርበት ነው። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተን ወጣን።

መኪኖቹ የቆሙት ከመናኸሪያው ማዶ ካለ ሜዳ ላይ ነው። እናቶች ብዙ ነበሩ። እማዬ አላለቀሰችም፤ መንገደኛ በእንባ አይሸኝም ብላ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ግርማ መኪናው ላይ ወጥቶ፣ «ዳቦ ቆሎው ሻሸመኔ አይደርስም፣ እነዚህ ጅቦች ናቸው!» እያለ ጓደኞቹን አሳየን። መኪናው ሲነሣ ጎኑን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታው። አቧራው እስኪጠፋ ቆምን። ወደ ሆቴሉ ስንመለስ በመንገዱ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር እማዬ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች።

ግቢው ስንገባ የክፍላችን በር ክፍት ነበር። ከውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል።

እማዬ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ደርሳ በሩን ስትይዝ አልጋ አንጣፊዋ ጥራጊውን በማፈሻ አፍሳ ልትወጣ ነበር። ራሄል ትባላለች፤ ከቱላ በኩል በእግሯ እየመጣች የምትሠራ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። እማዬ «አትጥረጊ! ልጄ ገና መንገድ ላይ ነው!» ብላ ጮኸችና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ወለሉ ግን ተጠርጎ አልቋል። ያበራል።

ራሄል ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ሄዳችኋል ብዬ ነው፣ እናቴ። ቁልፉን መልሳችኋል። ዕቃ የለም። አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው ያደረበት አይመስልም። የሚመለስ ሰው እንደተነሣበት ጥሎት ነው የሚወጣው። እንደዚያ ቢሆን አልነካውም ነበር።»

እማዬ ይህን ስትሰማ አልጋውን አየችው። ራሷ የወጠረችውን አንሶላ፣ ራሷ የደበደበችውን ትራስ። ልጅቷ ላይ ለመቆጣት ተከፍቶ የነበረው አፏ ተዘጋ።

«ልጅዎ ወዴት ሄደ?» አለች ራሄል ቀስ ብላ።

«ወደ ሰሜን» አልኳት እኔ።

ራሄል ወደ ክፍሉ ተመለሰችና ማፈሻውን ገለበጠችው። አሸዋውን፣ ፍርፋሪውን በእጇ እየበተነች በተቻላት መጠን ወደነበረበት መለሰችው፤ በግርማ አልጋ ሥር፣ በጠረጴዛው ሥር፣ በበሩ አጠገብ። እያለቀሰች ነበር። «መልሼዋለሁ፣ እናቴ። ይኸው መልሼዋለሁ።» ከጥራጊው መሐል እማዬ ማታ ቁልፎቹን የሰፋችበት የካኪ ክር ቁራጭ ወጣ። እማዬ አነሣችውና ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለቻት። ያን ሌሊት አሸዋው ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ አደርን።

ከግርማ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ደህና ነኝ የሚል። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በእግሩ ወደየቤቱ ሲጎርፍ እማዬ አውራ ጎዳናው ዳር ቆማ ውላ ትገባ ነበር። ራሄልን አንድም ቀን በክፉ አንሥታት አታውቅም። «ያስጠረግሁት እኔ ነኝ» ነበር የምትለው። «አንጥፌ፣ አሳምሬ፣ ልጄ የማይመለስ አስመሰልኩት።»

ከአዋሳ እንደተመለስን የመጀመሪያ ሥራዋ ቤት ያለውን የግርማን አልጋ መግለጥ ነበር። በደህና አልጋ ልብስ ተሸፍኖ የነበረውን ብርድ ልብሱን ወደ ጎን ጣለችው፣ ትራሱን በክርኗ ተጭና መሐሉን አጎደጎደችው፤ ልክ አሁን የተነሣበት አስመሰለችው። አቧራ ሲይዝ አጥባ እንደገና እንደዚያው ታደርገዋለች። አንድ ቀን፣ መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እማዬ፣ የገደለው ጦርነቱ ነው። መጥረጊያ ሰው አይገድልም» አልኳት።

ከስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው ሞተ ያለሽ?»

ዳግመኛ አልደገምኩትም። እማዬ ስታርፍ ለቀስተኛ በዛና ቤቱ ጠበበ። ጎረቤቶች ለመቀመጫ ብለው ያንን አልጋ አነጠፉት፤ ሰው ተደርድሮ ተቀመጠበት። አየሁ፣ ላስቆማቸው ፈለግኩ፣ አላስቆምኳቸውም።

ይኸው አሁን እኔ እናቴ በዚያች ቀን ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። መጥረጊያ ሰው አይገድልም ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ወንድሜን የወሰዱት መጥረጊያ የያዙ ሰዎች አልነበሩም። ግን ሆቴል በገባሁ ቁጥር፣ ጠዋት ስነሣ እጄ ወደ አንሶላው ይዘረጋና በአየር ላይ ይቀራል። ሜሮን ስልክ ላይ ያሉት ሰዎች ስለ ጨዋነት ይከራከሩ፤ እኔ በሥርዓት ያደገ ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን ሳይሆን የሚመለስ ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን ነው የማውቀው።

በሩ ተንኳኳ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት የጽዳት ጋሪዋን ይዛ ቆማለች።

«ክፍሉን ላጽዳልዎት፣ እናቴ?»

«ዛሬ ይቅር፣ የኔ ልጅ። አይጠረግም።»

የሜሮንን የተወጠረ አልጋ አየች፣ የእኔን የተተራመሰ አልጋ አየች።

«መንገደኛ ሸኝተው ነው?»

የዛሬ ልጆች ይህን ያውቃሉ ብዬ አልጠበቅኩም። «አዎ» አልኳት።

«ማንን?»

«ወንድሜን።»

«በሰላም ይግባ» አለችኝና በሩን ቀስ አድርጋ ሳበችው።

«አሜን» አልኩ።