በጥላው ተቀምጠው የፈረዱበት ዋርካ

«ዋርካው ጋ ወራጅ አለ!» ብዬ ታክሲ ውስጥ ስጮህ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሳቀች። «እማማ፣ የምን ዋርካ ነው? እኔ እኮ እዚህ ሰፈር ዛፍ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። አቃቂ ላይ ዛፉ ሄዶ ስሙ ቀርቷል።

ያኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ዋርካው ከሐዲዱ ማዶ ነው፤ ሊቶሪናዋ ባቡር ስታልፍ ወፎቹ ግር ብለው ይነሡና ተመልሰው ይሰፍራሉ። የሰፈራችን እድር አዳራሽም ድንኳንም አልነበረውም። ዋርካው እያለ ምን ሊያደርግለት? ስብሰባውም ለቅሶውም እዚያው ጥላ ሥር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንዶቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ እኔ ቆሎና ጠላ አቀርባለሁ።

አንድ እሑድ የእድሩ ዳኛ አቶ ግዛው ተነሡና ወፍ ጋቢያችንን አበላሸው፣ ዛፉ ይቆረጥና አዳራሽ እንሥራበት፣ አግዳሚ ወንበሩም ከእንጨቱ ይወጣል አሉ። አባቴ ተሰማ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የሚውል ሰው ጥላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ብድግ አለ።

«ጎበዝ፣ ጥላው ሥር ተቀምጠን ነው እንዴ የምንፈርድበት? ነገ ለቀስተኛውን የት ልታስቀምጡት ነው?»

«እንግዲያው ለዛፉም የእድር መዋጮ ክፈልለታ!» አለው አንዱ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። እጅ ይውጣ ሲባል ከአባቴ በቀር ሁሉም አወጣ። አባቴ ጠላውን ሳይጨርስ ወደ ቤት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ስብሰባቸውን አልረገጠም።

ዛፉን ጣሉት። አዳራሹ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ሳንቃውን ኮሚቴው ተከፋፈለው፤ እሱንም ነቀዝ በላው። እሰይ!

በመጋቢት አባቴ በድንገት ሞተ። ለቀስተኛው ያ ራቁቱን የቀረ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። አቶ ግዛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ላባቸውን እየጠረጉ «ኤዲያ፣ ይሄ ፀሐይ ሊጨርሰን ነው!» አሉ። ደረቷን ስትመታ የነበረችው እናቴ ቀና አለች።

«ተሰማ የት ልታስቀምጡን ነው ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። ይኸው መለሳችሁለት!»

እናቴ ወደ ልቅሶዋ ተመለሰች።

ዛሬ ቦታው ላይ ብሎኬት ይመረትበታል፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ያን ቀን እጃቸውን ካወጡት በሕይወት ያለ የለም። ጎረቤቶቼ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ነፍስ ይማር በይ» ይሉኛል። በአፌ እላለሁ። በልቤ ግን ሁሉም አሁንም ያ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ይቀመጡበት።