የጋቢው ክር

ባለቤቴ የወረቀት ፊልትሮ የሚገዛ ሹፌር ካየ ይስቅበት ነበር። «ወረቀት ለቢሮ ነው» ይላል። የኛ ቫን የዘይት ማጣሪያ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ እንደ ሻይ ማጥለያ ወንፊት ያለው ነው፤ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፈትቶ፣ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ ካሳራኒ ባለችው ቤታችን በረንዳ ላይ ያሰጣዋል። እኔ ልብስ በማሰጣበት ገመድ ሥር! ስንቴ ተጣልተናል መሰላችሁ።

ከዚያ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ቀኝ እጁ ሞተ፣ ምላሱም ለጊዜው ተሳሰረ። ቫኗን እኔ ተረከብኩ፤ ከኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ የካርጎ ዕቃ እያነሳሁ ላቪንግተን ሰፈር ላሉ ቤቶች አደርሳለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ እሱን ከኋላ አስተኝቼ ወደ ሕክምናው እወስደዋለሁ፤ ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚቆም ማታቱ ታክሲ የለም። ሐኪሙ ሳያቋርጥ ከመጣ እጁ ሊመለስ ይችላል ብሎናል። ቫኗ ከቆመች እጁም በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ለፉንዲ፣ ለዚህ አገር መካኒክ፣ አልሰጥም አለ። «አንቺ ታጥቢዋለሽ፣ እኔ ከአልጋዬ እነግርሻለሁ።» ማጣሪያውን ፈትቼ፣ አጥቤ ይዤለት ገባሁ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቱ ፈክቶ አላየሁትም።

«ወደ መስኮቱ አንሺው። ብርሃን ያልፋል?»

«ያልፋል ጌታዬ።»

«የማጣሪያዋን የጎማ ቀለበት ቀይሪ።»

«ቀየርኩ።»

«በይ አስጪውና ደህና አድርጎ ይድረቅ። እንዳትቸኩዪ።»

ይድረቅ! ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ እያካፋ! በማግሥቱ ጠዋት ብነካው አሁንም እርጥብ ነው፤ ኢምባካሲ ደግሞ ዕቃ ይጠብቀኛል። እናቴ የፈተለችው አሮጌ ጋቢ ነበረን። እኛ ዘንድ ጋቢ አርጅቶም አይጣልም፤ መወልወያ ይሆናል። ከጫፉ ቀደድ አድርጌ ማጣሪያው ሆድ ውስጥ ጠቅጥቄ አዟዟርኩትና አወጣሁት። የእጅ ፈትል እርጥበት ሲመጥ ወደር የለውም።

«ደረቀ?» አለኝ።

«አጥንት መስሏል» አልኩት። ኮራሁ እንኳ።

ማጣሪያውን ገጥሜ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ቲካ መንገድ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። ጥግ ልይዝ ስል ሞተሩ አንኳኳ፣ አንኳኳና ጸጥ አለ። ቁልፉን ባዞር ንቅንቅ የለም። ጎትቶ የወሰደኝ ፉንዲ ሞተሩን ፈታቶ ከዘይት ማለፊያው ቀዳዳ በወረንጦ አንድ ነገር ይስብ ጀመር። ሳበ፣ ሳበ፣ አያልቅም። ዘይት አጥቁሮታል፤ ግን አወቅሁት። የእናቴ ክር ነው። «ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ አዝናለሁ ማለቱ ነው። ይኼ ሞተር ከእንግዲህ አይነሳም። ሌላ ሞተር የምገዛበት ቢኖረኝ መጀመሪያስ ማጣሪያ ምን አሳጠበኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም።

ቤት ስገባ ፊቴን አይቶ አወቀ።

«ምን ሆነች?»

«ዘይት አልደረሳትም አሉ።»

በግራ እጁ ቀኝ እጁን ያዘ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ነገር ሳልነግርሽ ረስቼ ነው። እጄ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጭንቅላቴም ሄዷል።»

ወይኔ! አፌን ከፈትኩ። «አንተ አይደለህም» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? አልወጣልኝም። ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገውም ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ።

የሕክምናው ቀን መጥቶ ይሄዳል። የሐበሻ ሹፌሮች ሊጠይቁት ሲመጡ እንደ ድሮው ስለ ሞተር ሊያማክሩት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን ወደኔ ያመለክታል። «እሷን ጠይቋት፣ እኔ ይምታታብኛል» ይላል።

ምንም አልተምታታበትም ነበር። አንዲትም ነገር አልሳተም።