ሞተሩ ድምፁን የቀነሰ ዕለት

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ የለም። ትንሹም ትልቁም ጋሽ ስፖርት ነው የሚለው። ስፖርተኛ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከቤቱ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ ቤቱ ከመመላለስ በቀር እግሩን ያፍታታበት ቀን የለም። ስሙ የመጣው ከመኪናው ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሆዱ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቀይ የስፖርት መኪና አለው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ሞተሩ ነክሶ አልነሣ ቢለው ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ጋሽ ስፖርት የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና የማይጠገን ነገር አለ ቢሉት አይዋጥለትም። ስንት ቅዳሜና እሑድ ገብሮ አስነሳው። ሚስቱ ያን ጊዜ ጣውንት አመጣብኝ፣ እሷም ዘይት ዘይት ትሸታለች እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር።

እንግዲህ ሰው ለደስታው ያስቀመጠው ነገር አንድ ቀን የመከራ ዕቃ እንደሚሆንበት ምን ያውቃል? ጋሽ ስፖርት ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሚስቱ ኩላሊት ሥራ አቆመ። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያስፈልጋታል አለ። የእጥበት ማሽን ያለው ደግሞ በትልቁ ከተማ፣ በፈጣን መንገዱ ሁለት ሰዓት ተነድቶ ነው። መጀመሪያ አውቶቡስ ሞከሩ። ሲሄዱ ደህና ነበር፤ ሲመለሱ ግን ከማሽኑ የተነሣ ሰው ቆሞ መጠበቅ አይችል፣ ተጋፍቶ መግባት አይችል፣ አንድ ቀን መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀዩ መኪና ብቻ ሆነ።

ይህ መኪና ሲያዩት ለረጅም መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ውሸት ነው። የተፈጠረው ለመስፈንጠር ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ እንዲወጣ፣ ጠመዝማዛ ላይ እንዲታጠፍ ብለው ማርሾቹን ሁሉ አጫጭር አድርገውበታል። ስለዚህ የመጨረሻው አምስተኛ ማርሽ ገብቶም፣ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ አራት ሺህ ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሰፈር ለሰፈር ለአምስት ደቂቃ ቢሆን ልብ ያሞቃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሆን ግን ድምፁ በጆሮ መግባቱ ይቀርና በጥርስ፣ በጉልበት፣ በወንበሩ በኩል ነው የሚገባው። ጋሽ ስፖርት ፍጥነቱን ወደ ሰባ ዝቅ አድርጎ ሞከረው። ድምፁ ለዘብ አለ፤ ነገር ግን የጭነት መኪና ሁሉ ከኋላው መጥቶ ጡሩንባውን ያንባርቅበታል፣ የእጥበት ተራዋም ያልፋል። ተመልሶ ወደ መቶ።

ሚስቱ ራሷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች። እንቅልፍ ግን የለም። አንድ ጊዜ ቤት ደርሰው ሲወርዱ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል አለችው። ይህች አንዲት ንግግር ከልቡ አልወጣ አለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጉዞው መሐል አንገቷን ወደ እሱ አዙራ አንድ ነገር ስትናገር ያያታል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ምን እንዳለች አይሰማም። ራሱን ይነቀንቃል። እሷም ወደ መስተዋቷ ትመለሳለች።

ራስ መነቅነቁ የሽመና ክፍል ልማድ ነው። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ሲንጫጫ ሰው የገዛ ሐሳቡን አይሰማም። እዚያ ያረጀ ሠራተኛ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ካየ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ አለቀ። ምን አልክ ብሎ መጠየቅ የለም፤ ቢጠይቅስ ምን ሊሰማ? ቁም ነገር የያዘ ሰው ክንድህን ይዞ ወደ ደጅ ያወጣሃል። ካላወጣህ ቁም ነገር አይደለም። ጋሽ ስፖርት በዚህ ሕግ ኖሮ በዚህ ሕግ ጡረታ ወጣ፤ መኪናው ውስጥም ይኸው ሕግ መሥራቱን ልብ ብሎ አያውቅም።

ወራት አለፉ። ሁለቱም ደከሙ። እሱ በሕክምናው ኮሪደር ላይ ያለችውን ጠንካራ ወንበር እንደ አልጋው ለመዳት፤ ቁጭ ሲል ያንጎላጃል፣ ሲነቃ አንገቱ ደርቋል። እሷ ደግሞ ዝምታ አበዛች። ኩርፊያ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የኩርፊያዋን መፍቻ ያውቃል። ይህ ግን ሌላ ነው። የሚበላ ስታቀርብለት ዓይኑን አታየውም። ከታላቅ እኅቷ ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ እሱ ሲገባ በቃ ደህና ሁኚ ብላ ትዘጋለች። አንድ ማለዳ ልብሶቿን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኛት። የጠበባትን ለሰው ልትሰጥ ይሆናል አለ በልቡ። አልጠየቃትም። ጠይቆ መልሱን መስማት ፈራ። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን በቃኝ፣ እጥበቱም ይቅርብኝ እንዳትለው። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ካስቀረች ምን እንደሚሆን ሳይደብቅ ነግሮታል። ይህችን ሴት የጨረሳት የመኪናው ጩኸት ነው ብሎ ደመደመ፤ ጩኸቱን ካጠፋሁላት ትበረታለች አለ።

ተነሥቶ ቀጮ ዘንድ ሄደ። ቀጮ በፋብሪካው ጋራዥ አብሮት የሠራ፣ አሁን የራሱን ጋራዥ የከፈተ መካኒክ ነው። ቀጮ ያሉት በወጣትነቱ ነው፤ ዛሬ መኪና ሥር ለመግባት መኪናውን ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ከፍ ማድረግ አለበት። ጋሽ ስፖርት ችግሩን አስረዳው። ቀጮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማና የመኪናው እግር አጭር ነው አለ። አጭር ሰው ከረጅም ሰው ጋር እኩል ልሂድ ካለ እርምጃ ማብዛት ነው፤ ሞተሩም የሚጮኸው እርምጃ ሲያበዛ ነው። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ። እነሱን አውጥቶ ይህንኑ መኪና ከሠራው ፋብሪካ ከወጣ የቤት መኪና የተፈታውን ቢገጥምለት እግሩ ይረዝማል፤ በመቶ ሲሄድ ሞተሩ ከሦስት ሺህ አያልፍም።

ቀጥሎ ግን ቀጮ አፉን አጣመመ። «ነገርኩህ፣ ስፖርትነቱ ያከትማል። ሲነሣ ይንቀራፈፋል። ዳገት ላይ አምስተኛ ይከብደዋል፣ አራተኛ ትመልሳለህ። የፍጥነት ቆጣሪውም ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳይሃልና አትመነው። ኋላ መኪናዬን በሬ አደረግከው ብለህ እንዳትመጣብኝ።»

ጋሽ ስፖርት መኪናውን ዞር ብሎ አየው። ከዚህ መኪና የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር ያች ስታስፈነጥር ጀርባን ወንበር ላይ የምትለጥፈው ጉልበት ናት። ከፋብሪካ ጩኸት ወጥቶ፣ ከአለቃ ቁጣ ወጥቶ፣ ሰው ነኝ ያለው በእሷ ነው። ግጠመው አለ። ቀጮ በእጥበቱ መካከል ባለው የዕረፍት ቀን ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ ዘይት ሞልቶ አስረከበው።

የመጀመሪያው ጉዞ ዓርብ ነበር። ሲሄዱ ሚስቱ ገና አምስተኛ እንደገባ ራሷን ከመስተዋቱ አነሣች። ሞተሩ እንደ ራቀ ሰው ድምፅ ከሩቅ ያጉረመርማል፤ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ፣ ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ይሰማል። ምን ሆነ አለች። አስጠገንኩት አላት። ለእሷ ብሎ መሆኑን አልተናገረም፤ እንዲህ ያለውን መናገር አይሆንለትም። እሷም ራሷን መልሳ መስተዋቱ ላይ አስደገፈች። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። ኮሪደሩ ላይ እንደ ልማዱ ሲያንጎላጅ እንኳ በሕልሙ መንገዱ ጸጥ ብሎ ይታየዋል።

ሲመለሱ ፀሐይ ወደ ማቆልቆሉ ነበረች። ሚስቱ ከማሽኑ ስትነሣ ሁልጊዜ እንደምትሆነው ፊቷ ዐመድ መስሎ፣ እጇን መርፌው የነበረበት ክንዷ ፋሻ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከከተማው ወጥተው ሜዳውን እንደያዙ ተናገረች።

«እንግዲህ ሰኞ ስንመጣ ሻንጣዬን ይዘን እንውጣ።»

«የምን ሻንጣ?»

«የልብሴ ነዋ። እኅቴ አልጋውን አሰናድታለች። ክፍሉንም ቀለም አስቀብታዋለች።»

ታላቅ እኅቷ ቤቷ ከሕክምናው ፊት ለፊት፣ አስፋልት ተሻግሮ ነው። ጋሽ ስፖርት መሪውን ይዞ ክው አለ። የምታወራው ስለ አንድ ሁለት ቀን አዳር እንዳልሆነ ገባው። እኅቷ ዘንድ ልትኖር ነው። መቼ ተባባልን አላት፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ሚስቱ ዘወር ብላ አየችው። «መቼ? እዚሁ መንገድ ላይ። መጀመሪያ መንገዱ አልቻለኝም፣ እኅቴ ጋ ልክረም ስልህ ራስህን ነቀነቅህ። አላመንሁህም ብዬ ደግሜ ጠየቅሁህ። ያንንም ነቀነቅህ። ቁርጡን ስነግርህ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

«ቤት ውስጥ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤት ውስጥ ፊትህን አይቼ መናገር አቃተኝ። እዚህ መንገዱን ነው የምታየው ብዬ።»

ጋሽ ስፖርት ጥቂት ነዳ። የሽመና ክፍሉን ነገር ሊያስረዳት ፈለገ፤ ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ራስ እንደሚነቀነቅ፣ ቁም ነገር ከሆነ ክንድ ተይዞ ደጅ እንደሚወጣ። ሁሉም ሞኝነት ሆኖ ታየው። ስንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ነች፣ የሽመና ክፍል አለቃ አይደለችም።

«አልሰማሁሽም» አላት።

«የቱን?»

«አንዱንም። ሞተሩ ይጮህ ነበር። ዝም ብዬ ነው የነቀነቅሁት።»

ሚስቱ ወደ ፊት ዞረች። እንባዋ መውረዱን በዓይኑ ጥግ አየ። ቆይታ መናገር ስትጀምር ቃሏ ይቆራረጥ ነበር። እሱ እንዲህ ቶሎ እሺ ሲላት ሸክሙ ሆኛለሁ፣ እፎይ ነው ያለው ብላ ነበር። ሌሊት ሌሊት አጠገቡ ተኝታ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን አይለኝም፣ ይህን ያህል ነው ወይ የከበድኩት እያለች ስታለቅስ ነበር የከረመችው። እሱ ደግሞ ያንኑ ሌሊት በዚያኛው በኩል ተኝቶ የዲፈረንሻል ጥርስ ሲቆጥር ነበር። አይ ሰው መሆን! አንድ ብርድ ልብስ ሥር።

«አትሂጂ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። «ቤቱን ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ? አትሂጂ።»

ሚስቱ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «መሄዴማ አይቀርም። ጸጥ ቢልም መንገድ መንገድ ነው፤ አጥንቴ አልቻለም። አንተም አልቻልክም። ኮሪደሩ ላይ አፍህን ከፍተህ ስትተኛ ነርሶቹ ያሳዩኛል። አንድ ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል።» ትንፋሽ ወሰደች። «ግን አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ ነበር። መሄዱን እሄዳለሁ፤ ሳትለኝ መሄድ ነው ያቃተኝ።»

ልክ ናት፤ ልክ መሆኗ ነው አንጀቱን የበላው። መኪናውን ከእንግዲህ ቢያስተካክለው ባያስተካክለው መንገዱ አያጥርም። እሱም ደክሞታል፣ አጥንቱ ድረስ ደክሞታል፤ ይህን ለራሱ እንኳ ብሎት አያውቅም ነበር።

ከፊታቸው ረጅሙ ዳገት መጣ። ቀጮ እንዳለው አምስተኛው ከበደው፤ መኪናው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ፍጥነቱ ወረደ። ጋሽ ስፖርት ፍሪሲዮን ረግጦ አራተኛ መለሰ፤ ሞተሩ ያንን የድሮ ጩኸቱን ለቀቀው። ሚስቱ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ሞተሩን ሰማችና መልሳ ዘጋችው። እስከ ዳገቱ ራስ ሁለቱም ዝም አሉ። አፋፉ ላይ ሲደርስ አምስተኛ አስገባ፤ ጩኸቱ ወረደ፤ ሜዳው ወለል ብሎ ታየ።

«ምን ልትይ ነበር?» አላት።

«ማመላለሱ ሲቀርልህም ትመጣለህ ወይ? እንዲሁ፣ ልታየኝ።»

«እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ዳገቱ ላይ ያለ መስሎት።

«አትጩህ» አለችው። «እሰማሃለሁ እኮ።»