የሙሽራው ላንድሮቨር ፍሬን አልለቅ ያለ ዕለት

የመካኒክነት ሥራ የጀመርሁት መተማ፣ አንድ ግራር ጥላ ሥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ የተኛበትን የሱዳን ሎሪ አስነሣሁ፤ ሰውየው የነቃው በሞተሩ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሉኝ ጀመር፤ ባለሙያ ማለት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ቢኖረኝ ኖሮ የሚማረው እሱ ነበር።

በደርግ ዘመን መተማ ላይ የታምቡር ፍሬን በዲስክ የቀየርሁ እኔ ነኝ። መኪናው የነጋዴው የአዳነ ላንድሮቨር ነበር። ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ እየጋለ አልይዝ ስላለው፣ ከሱዳኑ ገዳሪፍ ዲስክና ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን ካሊፐር አስመጥቼ የፊት ጎማዎቹ ላይ ገጠምሁለት። ስንሞክረው ልጓሟ እንደ ተሳበ በቅሎ ቀጥ አለ።

በዚያው ሳምንት አዳነ ሊያገባ ወደ ሸኸዲ ተነሣን። ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ዘግይተን ነበርና የሙሽሪት አባት፣ ለሠርጉም እኩለ ቀን ካለፈባችሁ ልጄ ቤቷ ትውላለች ብለዋል። ቀልድ አያውቁም።

ብዙም ሳንርቅ የፊት ጎማዎቹ ጢስ አወጡ፤ መኪናውም ቆመ። ሚዜዎቹ ወርደው እየዘፈኑ ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። የሚነዱት የሙሽራው አጎት ጋሼ ደመቀ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ የሱዳን ውራጅህ ነው ያነቀን።»

አንዱ ሚዜ ጎማው ላይ ውኃ ሊደፋ ጀሪካን አነሣ። የጋለው ዲስክ ከተሰነጠቀ ሙሽራውን አዝለህ ትሄዳለህ አልሁት፤ አስቀመጠው።

በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ባዞረው እምቢ አለ። ሌላ መካኒክ ቢሆን ካሊፐሩን ይፈታ ነበር። እኔ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ቡሎን ብቻ ላላ አደረግሁ። የፍሬኑ ዘይት ፊጭ ብሎ የሚዜውን ነጭ ሸሚዝ አለበሰው፤ ጎማው ግን እንደ እንዝርት ዞረ። በሳቅ ልሞት ነበር። ካሊፐሩ ደኅና ነው፤ ዘይቱ ነው መመለሻ ያጣው።

ፔዳሉን በጣቴ ነካሁት። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ማስተር ገና ሲነካ ይገፋል፤ ትንሽ ክፍተት ሊኖረው ይገባ ነበር።

«ጋሼ፣ የፔዳሉን ዘንግ ማን አስረዘመው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ኮራ ብለው። «አንተ ስትሠራው ጠልቆ እግሬ አልደርስ አለ። አሳመርሁልህ።»

ጋሼ ደመቀ አጭር ናቸው። ዲስክ ከታምቡር ይልቅ ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ፔዳሉ ጠለቅ ይላል፤ እሳቸው ዘንጉን ሲያስረዝሙ ማስተሩ ውስጥ ዘይቱ የሚመለስበትን ቀዳዳ ዘጉት። ዘይቱ በጋለ ቁጥር ያብጣል፤ ባበጠ ቁጥር ጎማውን ያንቃል።

የዘንጉን ማሰሪያ ዳዶ አላልቼ ዘንጉን አሳጠርሁ፤ የአየር ማውጫዋን አጥብቄም የጎደለውን ዘይት ሞላሁ። ለእግራቸው ደግሞ የሚዜዎቹን ጋቢ ሁሉ ከጀርባቸው ደርድሬ ወደ ፊት አስጠጋኋቸው።

«አሁን ረዘሙ፣ ጋሼ» አላቸው ባለ ሸሚዙ። እሳቸው መንገዱን ሁሉ ሲሳደቡ ሄዱ፤ እኛ ስንዘፍን።

ሸኸዲ ስንደርስ የሙሽሪት አባት በራፍ ላይ ቆመው ነበር። እግራቸው ሥር ያለችውን ጥላ አዩ። እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ቀርቷል።

«ግቡ» አሉ።

ዲስክ የተገጠመለት መኪና ጎማው እየጋለ ካስቸገራችሁ፣ ካሊፐሩን ከመፍታታችሁ በፊት የአየር ማውጫዋን ቡሎን አላሉ። ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ካሊፐሩ ላይ አይደለም፤ ከፔዳሉ ጀምሩ።