ሰይፉ የሆነው አጎቴ ሰኢድ

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ነጭ የለበሱ የባሕር ኃይል ምሩቃንን አሳየ። ወጣቶቹ «ባሕር ሳይኖረን!» እያሉ ሳቁ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሙቀቱ የበረታብኝ መስሏቸዋል።

አጎቴ ሰኢድ ምጽዋ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ እናቴ ናት። አዲስ አበባ ሄዶ ስሙን ሰይፉ አሰኘ፤ የአንድ ደጃዝማች ልጅ አገባ። ለመኮንንነት ያበቁትም አማቱ ናቸው።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ዓመት እኔም የመግቢያውን ፈተና አለፍኩ። የቀረኝ ቤተሰቤን የሚያውቅ መኮንን የሚጽፍልኝ የምስክርነት ቃል ብቻ ነበር። በመስከረም፣ የጣርማ በር ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ አጎቴ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ወደ ምጽዋ ሲያልፍ ከተማችን ሆቴል ለምሳ መውረዱን ሰማን። እናቴ የበሰለ የበሰለውን ፓፓያ መርጣ ዘንቢል ሞላችልኝ።

«ሰኢድ ከልጅነቱ ይወደዋል፤ በል ሳያልፍ ድረስበት» አለችኝ።

ስገባ አማቱ ከማዕዱ ቀና ብለው፣ «ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

አጎቴ አፉን እየጠረገ፣ «ድሮ ቤታችን ታገለግል የነበረችው ሴትዮ ልጅ ነው» አለ።

ዘንቢሉን እግሩ ሥር አስቀመጥኩና፣ «አጎቴ ሰኢድ፣ እህትዎ ሰላም ብላዎታለች» አልኩት።

ሽማግሌው ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሚስቱ፣ «ሰኢድ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

አጎቴ ክንዴን ጨምድዶ በረንዳ ላይ አወጣኝና፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ባሕሯን አታያትም!» አለኝ።

አላየኋትም። የምስክርነቱን ቃል ለሚስቱ ወንድም ጻፈ፤ የገባውም እሱ ነው።

ያን ቀን ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ምን አለህ?» አለችኝ።

«የዘንድሮው ሞልቷል። ለከርሞ ኢንሻአላህ ብሏል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ድሮም ሰኢድ ወገኑን አይረሳም።»

ከርሞም መጣ፣ ሄደ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። እናቴም ወንድሟ አንዲት መስመር ደብዳቤ ሳይጽፍላት፣ ከየሶላቱ በኋላ ለእሱ ዱዓ እያደረገች ሞተች።

ሰው ሲያረጅ ልቡ ይለዝባል ይላሉ፤ የእኔ አልለዘበም። እሱ እናቴን አንድ ቀን ካዳት፤ እኔ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ክህደቱን ሸፈንኩለት። ያኔ ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። አሁን ከቀረብኝ ባሕር ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ዱዓ ነው፤ በየቀኑ እንድትልክለት ያደረግኋት እኔ ነኝ።