የጎመን ቅጠልና የተከለከለው አሴቶን

ለነቀምቴና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የጎመን ቅጠል አረንጓዴ ብቻ አለመሆኑን በከባድ ሐዘን እናሳውቃለን።

ማስረጃው ዛሬ ረፋድ ላይ እኔ ባዮሎጂ በማስተምርበት ክፍል ተገኝቷል።

በትምህርት ቤታችን የተግባር ትምህርት ማለት ሙከራውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሣል ነው። የቅጠል ቀለም የሚለይ ፈሳሽ የለንማ! ተማሪዬ ጫልቱ ግን ከእህቷ የውበት ሳሎን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይዛ መጣች።

ጎመኑን በአሴቶን ወቀጥን። ጭማቂውን ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገን፣ የወረቀቱን ጫፍ ትንሽ አሴቶን ባለበት ብርጭቆ እንዳቆምን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ገቡ።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? የጥፍር ቀለም በግቢያችን ክልክል መሆኑን አታውቂም?» አሉኝ።

«ይሄ ማስለቀቂያው ነው። እርስዎም እኔም የምንፈልገው ቀለም እንዲለቅ አይደል?» አልኳቸው።

«አንሺልኝ!»

«ዳይሬክተር፣ አሁን ከተነሳ እኮ ይበላሻል» አለች ጫልቱ። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ብርጭቆውን ከበበ።

እሳቸውም ቆመው ጠበቁ። ከአረንጓዴው በላይ ቢጫ መስመር ብቅ አለ። ጎንበስ ብለው አዩና «ቢጫውን ማን ጨመረው?» አሉ።

«ማንም። ጎመኑ ውስጥ ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ጠርሙሱን ወርሰው ወጡ፤ ደንብ ነዋ!

እናንተስ ከየት በተገኘ ዕቃ ሙከራ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ከአካባቢው ወረዳዎች፣ ከሲሬም ከኑኑ ቁምባም ጻፉልኝ።

ማረሚያ፦ ትናንት በዚህ ገጽ «የዚህ ሳምንት ሙከራ በሰሌዳ ላይ ይሣላል» ተብሎ የወጣው ስህተት ነው። ነገ ሌላኛው ክፍልም ወረቀቱን ይነክራል። የጫልቱ እህት ሌላ ጠርሙስ አላት።