የተገዘተው ጋራ

ጋሻዬ ከብልባላ በላይ ያለውን የጥድ ጋራ ሲጠብቅ አምስት ዓመቱ ነው። ፍየል ከገባ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል፤ ለክርስትና ልጁ አባት እንኳ አያዝንም። አገሩ በዚህ ያማዋል፣ እሱ ደግሞ በሐሜቱ ይኮራል።

ጋራው በሁለት ሺህ ዓ.ም. ሲከለል፣ የልማት ሠራተኛው ምስጋኑ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አየሩን በካርቦን የሚበክሉ የውጭ አገር ፋብሪካዎች እንደሚከፍሉ፣ ዛፉን ያልቆረጠ ቀበሌም ከዚያ ድርሻ እንዳለው አስረዳ። «ገንዘቡ ብቻውን ግን ዛፍ አያድንም» አለ። «ለየቤቱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለየጓሮው የማገዶ ችግኝ አብረው ይመጣሉ። ሦስቱ ከተነጣጠሉ አይሆንም።»

ገንዘቡ መጣና ወፍጮ ተተከለበት። ምድጃውና ችግኙ ዛሬ ነገ ሲባል ቀሩ፤ ምስጋኑም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ያኔ ጋሻዬ መላ ያገኘ መስሎት ሽማግሌዎቹን፣ «አባ ተክለ ሚካኤል ይገዝቱልን። ምድጃው ባይመጣም ግዝቱ ይጠብቀዋል» አላቸው። አባም መስቀላቸውን አንሥተው፣ ከጋራው የቆረጠ ሥጋ ወደሙ እንዳይቀበል፣ ሲሞትም ፍትሐት እንዳይደረግለት ገዘቱ። ከዚያ ወዲህ የመጥረቢያ ድምፅ አልተሰማም። አባ በዓመቱ አረፉ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የጋሻዬ ሚስት የሺሃረግ በጠና ታመመች። ቄስ ሊጠራላት ሲነሣ እጁን ያዘችው።

«ተው፣ አትጥራ። ከጋራው ቆርጫለሁ።»

«መቼ? እኔ እያለሁ?»

«አንተ በላይ ስትዞር እኔ በታች። በማጭድ ነው። ኩበቱ ረጥቦ፣ ልጆቹ ጥሬ ይብሉ?»

ጋሻዬ ምድጃ ይምጣ ብሎ አንድ ቀን እንኳ ወረዳ አልሄደም፤ ግዝቱን ግን ያመጣው እሱ ነው። ዝናቡን ሳይፈራ ወደ አዲሱ ቄስ፣ ወደ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ቤት ሮጠ።

«አባቴ፣ ይፍቱልኝ። ልትሞትብኝ ነው።»

ቄሱ መሬት መሬቱን አዩ። «ግዝት የሚፈታው የገዘተው ነው ልጄ። እሳቸው ደግሞ የሉም።»

«ሌላ ሰው ጠይቆዎት ያውቃል?»

«ስንተኛው እንደሆንክ አትጠይቀኝ» አሉት፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ከግቢው ሲወጣ ከቄሱ ማድቤት ጢስ ሸተተው። የጥድ ነው፤ ጋሻዬ ያንን ሽታ አይስተውም። ወደ ታች መንደሩን አየ፤ ከየቤቱ ይጨሳል። ፈራ፤ የፈራው ለየሺሃረግ ብቻ አልነበረም።